ከወንጂ ጕድጓድ እስከ ቡታጅራ ምድጃ



ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፥ በመመገቢያ አዳራሽ ተሰልፈን ሳለን፥ ከፊታችን የነበረ አንድ ተማሪ ሳይታሰብ ወደቀ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደረቀ፤ ከዚያም ይንፈራገጥ ጀመር፤ ከአፉም አረፋ ወጣ። እኛስ ምን አደረግን? ግማሾቻችን ትሪያችንን ይዘን ወደ ኋላ ሸሸን። አንዱ «እንዳትነኩት፥ ይተላለፋል!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋለት። ሦስተኛው ማንኪያ በጥርሶቹ መካከል ለማስገባት ታገለ። ራሱ ከአግዳሚው የብረት እግር ጋር ሲላተም እጁን ከሥር ያደረገለት አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሦስት ደቂቃ ይቈይ ዐሥር ደቂቃ፥ ሰዓቱን ያየ የለም። ልጁ ሲነቃ ከጆሮው በላይ ደም ይወርድ ነበር። ከማግሥቱም ጀምሮ ከእርሱ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ ከነበሩት ሁለቱ ቦታቸውን ቀየሩ።

በዚያ አዳራሽ የነበርነው የምሕንድስናና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ነን። የኤሌክትሪክን ኀይል ስንትና ስንት ጊዜ በሰሌዳ ላይ አስልተናል። ነገር ግን በአንድ ወንድማችን አንጎል ውስጥ ያ ኀይል ለጥቂት ደቂቃ ሲናወጥ፥ ትምህርታችን ሁሉ ከእኛው ጋር ሸሸ። ስለዚህ ኀፍረታችንን በዝምታ ከመሸፈን ይልቅ ነገሩን መጠየቅና ማንበብ መረጥን። ስንፈልግም ከአዳማ አጠገብ የሚጀምር አንድ የምርምር ታሪክ አገኘን፤ እነሆ ለናንተም እናካፍላለን።

የታሪኩ ዋና ሰው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እርሳቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተማሩ የነርቭ ሐኪም ናቸው። የነርቭ ሐኪም ማለት አንጎልን፥ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፈውን ኅብለ ሰረሰርንና ከሁለቱ የሚወጡትን ነርቮች የሚመረምር ሐኪም ነው። በሀብታም አገር እንዲህ ያለ ሊቅ ዕድሜውን በቤተ ሙከራና በታላላቅ መሣሪያዎች መካከል ቢያሳልፍ አያስደንቅም። የእኒህ ሰው ሥራ ግን በአብዛኛው የተሠራው በሰው ደጃፍ ላይ ነው። ከሥራዎቻቸውም ሦስቱን መርጠናል፤ አንዱ የውሃ፥ አንዱ የእህል፥ አንዱ የእሳት ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እንመልከት። ከአዳማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ በአዋሽ ዳር ወንጂ ይገኛል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ጀመረ፤ የሸዋውም ፋብሪካ በ1962 ተከተለው። ለሸንኮራ አገዳው ሥራ ከከምባታ፥ ከሀዲያና ከሌላም አገር ብዙ ጕልማሶች መጥተው ሠፈሩ። የሚጠጡትም ውሃ ከጕድጓድ የሚቀዳ ነበር። ውሃው ለዐይን ጥሩ ነበር፤ ሽታም መጥፎ ጣዕምም አልነበረውም።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ከእነዚያ ጠንካራ ሠራተኞች መካከል አንዳንዶቹ ጀርባቸው እየደረቀ መጣ። አንገታቸውን ማዞር፥ ጐንበስ ብለው ጫማቸውን ማሰር አቃታቸው። ከእነርሱም የባሰባቸው እግራቸው እየተገተረ በምርኩዝ ይሄዱ ጀመር፤ ሽንታቸውን መቈጣጠር የተሳናቸውም ነበሩ። ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1990 ባሳተሙዋቸው ጥናቶች የዚህን መከራ ምንጭ አስረዱ። ምንጩ በውሃው ውስጥ የሟሟው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ነው።

ስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ውስጥ ፍሎራይድ አለ። ውሃ በዚያ ድንጋይ መካከል ረዥም ዘመን ሲቈይ ማዕድኑን ያሟሟዋል፤ በተለይም ውሃው ካልሲየም ሲያንሰው ፍሎራይዱን የሚያስቀርበት ነገር ስለሌለ መጠኑ ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚይዙ ጕድጓዶች ተገኝተዋል።

በልጅነቱ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ምክንያቱም የጥርስ ሽፋን የሚሠራው በልጅነት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987ቱ ጥናት ከተመረመሩት፥ በአካባቢው ተወልደው ካደጉት ልጆች ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ይህ ምልክት ነበረባቸው። ከመካከላችን የዚህ አገር ልጆች የሆንን ፎቶግራፍ ስንነሣ ለምን ከንፈራችንን እንደምንገጥም ሌሎቻችሁ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም። ከሌላ አገር በጕልማስነቱ የመጣው ሠራተኛ ግን ጥርሱ ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ አንዳች ነገር የነካው አይመስለውም። ነገር ግን አጥንት ዕድሜ ልኩን የሚታደስ ነውና ፍሎራይዱን ያጠራቅማል። ብዙ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲጠጣ አጥንቱ ይወፍራል፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶችም እንደ አጥንት ይጠጥራሉ። ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቦይ ሲጠብ ነርቮቹ ይታነቃሉ። እግሩ የተገተረው ሰው አንጎሉ ደኅና ነው፤ ከአንጎሉ የሚወጣው ትእዛዝ ግን በመንገድ ላይ ታግዶ ይቀራል።

እንግዲህ ለዚህ በሽታ ዋናው መድኃኒት ምንድን ነው? የጠጠረውን አጥንት ወደ ቀድሞው የሚመልስ ኪኒን የለም። መድኃኒቱ ሰው ከመታመሙ በፊት ውሃውን መለወጥ ወይም ማጣራት ነው። የነርቭ ሐኪሙ ምርምር ከሕመምተኛው ጀርባ ተነሥቶ በባልዲው ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው የእህል ታሪክ ነው። በጎንደር አገር በደምቢያና በፎገራ «ጓያ ሰበረው» የሚባል ሰው ብዙ ነው። ጓያ ድርቅንም ረግረግንም የሚችል፥ ሌላው እህል ሲከዳ ለድኻ የሚደርስ ጥራ ጥሬ ነው። ነገር ግን በውስጡ ነርቭን የሚጐዳ መርዝ አለበት። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ የበላው ሰው አይጐዳም፤ በችግር ዘመን ለወራት ሌላ ምግብ አጥቶ ጓያን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሮቹን የሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት ይጐዱበታል። የተሰበረው እግር ከእንግዲህ አይድንም። ፕሮፌሰር ረዳና ባልደረቦቻቸው በዚያ አገር ቤት ለቤት እየዞሩ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያሳትሙ፥ ከሺህ ሰው ስድስት ያህሉ በጓያ የተጐዳ መሆኑን ገለጹ። እዚህም ላይ ምርመራው በነርቭ ተጀምሮ በጐተራ ላይ አበቃ።

ሦስተኛው፥ ለእኛም ነገር የሚቀርበው፥ የእሳት ታሪክ ነው። ቡታጅራ ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ጫፍ ላይ፥ ከዝዋይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 በዚያ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ውስጥ የሠለጠኑ ጠያቂዎች በየጎጆው እየገቡ በጠቅላላው የ60,820 ሰዎችን ሁኔታ መዘገቡ። ሐኪሞቹም ምልክት የታየባቸውን መርመሩ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ይህም ከሺህ ሰው 5 ያህል መሆኑ ነው። በሺሆች የምንቈጠር እኛ ተማሪዎች በዚህ ልክ ብንሰፈር፥ በመካከላችን የሚጥለው ተማሪ አንድ ብቻ አለመሆኑን መገመት ይቻላል። ሌሎቹ ተደብቀዋል፤ ያን ቀን ያደረግነውን ላየ ሰው መደበቃቸው አያስደንቅም።

ለመሆኑ የሚጥል በሽታ ምንድን ነው? የሰው አንጎል ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ሲሆን 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉበት። እያንዳንዱ ሕዋስ በጣም ጥቃቅን በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ለጎረቤቱ ይናገራል። በደኅናው ጊዜ ይህ ንግግር የመመገቢያ አዳራሻችንን ጫጫታ ይመስላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ወሬ ያወራል፥ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። አዳራሽ ሙሉ ሰው በድንገት ወሬውን ትቶ ጠረጴዛውን በአንድ ምት ቢደበድብ ግን መነጋገር አይቻልም፤ ሁሉም ይናወጣል። የሚጥል በሽታ ማለት ይህ ነው። ብዙ ሕዋሳት በአንድነት፥ ያለ ልክ፥ ምልክታቸውን ሲለቁ ሰውየው ራሱን ይስታል፥ ጡንቻዎቹም ይንፈራገጣሉ። አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ ሕዋሳቱ ወደ ቀድሞ ንግግራቸው ይመለሳሉ። ሐንስ በርገር የተባለው የጀርመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ይህን የአንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ በመሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድቶ በ1929 አሳተመው። የቡታጅራውም ጥናት በዚሁ መሣሪያ ተጠቅሟል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጕዳት፥ የራስ ቅል አደጋ፥ እንደ ማጅራት ገትር ያለ የአንጎል ልክፈት፥ አንዳንድ ጊዜም የዘር ውርስ ያመጡታል፤ በብዙ ሰው ላይ ደግሞ ምክንያቱ አይገኝም። በመንካት፥ በምራቅ፥ በአረፋ ወይም በአንድ ትሪ በመብላት ግን ፈጽሞ አይተላለፍም። የአንጎል ኤሌክትሪክ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚዘልበት መንገድ የለውም።

ተመራማሪዎቹ በሽታውን በመቍጠር ብቻ አላቆሙም። በዚያው አገር ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ስለ ሚጥል በሽታ ያላቸውን አስተያየት ጠየቁ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ «ሲጥለው የነካው ሰው ይያዛል» ብሎ ያምን ነበር። ይህን እምነት በምድጃ ዳር አስቡት። በገጠሩ ቤት ምድጃው መሬት ላይ፥ በጎጆው መካከል ነው። እናቲቱ እንጀራ ስትጋግር ጣላት እንበል፤ እጅዋ እሳት ውስጥ ገባ። ከአጠገቧ ሰው አለ፤ ነገር ግን እንዳይነካት ይፈራል። ያ አንድ ደቂቃ ጣቶችዋን ይወስዳል። በሽታው የጣላት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ጠባሳውንም ያመጣው የጎረቤት ፍርሃት ነው።

ሌላም አሳዛኝ ነገር ተገኘ። ከ316ቱ በሽተኞች መካከል የበሽታውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶው 1.6 ብቻ፥ ማለት አምስት ሰዎች ነበሩ። ፌኖባርቢታል የተባለው ኪኒን የሚጥል በሽታን መከላከሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ቢታከሙ ከመቶ በሽተኞች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። እንግዲህ መድኃኒት እያለ መድኃኒት ያላገኙበትን ምክንያት ብንመረምር፥ ከሐኪም ማነስና ከመንገድ ርቀት ቀጥሎ «ይህ በሽታ የሐኪም ጕዳይ አይደለም» የሚለውን አሳብ እናገኛለን።

በአገራችን የአንጎልና የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ብዙ ዘመን የለውም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአእምሮ ሆስፒታል ተብሎ የሚጠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ብቻ ነበር። በዚያም እ.ኤ.አ. በ1987 የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ እነዚህም ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ሲመደቡ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎችም መድኃኒት ሰጪ ሆኑ። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 ሲሆን፥ የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን ደግሞ በ2006 ነው።

የቤት ለቤቱም መንገድ በሌሎች ቀጠለ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በዚያው በቡታጅራ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 በ68,378 ሰዎች ላይ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ጠይቀዋል። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖረውም ሕዝብ አልተረሳም፤ ተመራማሪዎች በጀልባ እየተሻገሩ ያጠኑት ጥናት በ2004 ታትሟል። ከደሴቶቹ ጎልማሶች ከመቶው ሁለት የሚጠጉት ባይፖላር የተባለው ሕመም፥ ማለት ከልክ ያለፈ ፈንጠዝያና ከባድ ትካዜ የሚፈራረቁበት ሕመም አግኝቷቸው ነበር። ብዙዎቻችን በሽርሽር ሄደን ዓሣ የበላንበት ሐይቅ እንዲህ ያለ ሥቃይም በውስጡ ይዟል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። የአንጎል ምርምር ፍጻሜ ከመጽሔት ላይ አይደለም። የወንጂው ጥናት ፍጻሜ የተጣራ ውሃ ነው፤ የጓያው ጥናት ፍጻሜ የተቀላቀለ እህል ነው። የቡታጅራው ጥናት ፍጻሜ ደግሞ የጎረቤት እጅ ነው። ውሃውን መንግሥት ሊያጣራ ይችላል፤ እጃችንን ግን የምንዘረጋው እኛው ነን። ስለዚህ ሰው ሲጥለው ስናይ ልናደርግ የሚገባንን ከዚህ በታች ጽፈናል፤ ቈርጣችሁ በየመኝታ ክፍላችሁ በር ላይ ለጥፉት።

1ኛ፤ ሰዓታችሁን ተመልከቱ፤ መቼ እንደ ጀመረ ያዙ።

2ኛ፤ እሳትን፥ ትኩስ ሻይን፥ አግዳሚንና ስለት ያለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ከራሱ ሥር ጃኬት ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ የአንገቱን ቍልፍ ፍቱለት።

3ኛ፤ በጕልበት አትያዙት። በአፉ ውስጥ ማንኪያም፥ ጣትም፥ ውሃም አታስገቡ። ምላሱን ሊውጥ አይችልም፤ ጥርሱን ግን ልትሰብሩት ትችላላችሁ። የክብሪት ጢስ ምንም አይጠቅመውም።

4ኛ፤ መንፈራገጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፈስሳል፥ ትንፋሹም ይከፈታል።

5ኛ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ፥ ወይም ሳይነቃ እንደገና ከጣለው፥ ወይም ክፉኛ ከተጐዳ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

6ኛ፤ ፈጽሞ እስኪነቃ ድረስ ከአጠገቡ አትራቁ። የከበበውን ሰው በትኑለት።

በሽታው ላለባችሁም ጓደኞቻችን ሁለት ቃል አለን። ኪኒኑን ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ፤ ጠበል የሚጠመቅም ሰው ቢሆን ኪኒኑን አብሮ ይውሰድ። ደግሞም ለፈተና ተብሎ ጫት እየቃሙ ሌሊቱን ሳይተኙ ማደር ለማንም የማይበጅ ሲሆን፥ ለእናንተ ግን አውሎ ነፋሱን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማባዣው ከመስጠታችን በፊት ያን በአዳራሹ የወደቀውን ወንድማችንን ፈልገን አገኘነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። ስሙን እንዳንጽፍ ተስማማን። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበና አንድ ነገር ብቻ እንድንጨምር ለመነን። «ስነቃ ምን እንደ ሆንሁ አላውቅም» አለን፤ «ሐኪሙ በሄድሁ ቍጥር ስንት ደቂቃ እንደ ቈየ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሁልጊዜ አላውቅም እላለሁ። አጠገቤ ሆኖ ሰዓቱን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ይበቃኛል።»

በዝርዝራችን መጀመሪያ ላይ ሰዓትን ያስቀመጥነው ስለዚህ ነው።